ይህ ቤት የስንት ሰው ነው?

ጅግጅጋ ላይ ቤት ሊገዛ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ዋጋውን ነው። እኔ ዋጋ ከመጥራቴ በፊት ማወቅ የምፈልገው የቤቱን ባለመብቶች ቁጥር ነው። ካርታው ላይ የተጻፈው አንድ ስም ነው። ከዚያ ስም ጀርባ ግን ለግንባታው ከሚኒሶታ ገንዘብ ሲልክ የኖረ ወንድም፣ ሐርጌሳ የምትነግድ ሚስት፣ የአባታቸው ውርስ ያልተጣራላቸው እህቶች፣ ሰርቪስ ቤቱን ይዛ ያረጀች አክስት ሊኖሩ ይችላሉ። በር ከፍቶ ሳሎንና መኝታ ቤት ማሳየትን ማንም ይችለዋል። ደላላ ኮሚሽኑ የሚገባው እነዚህን ሰዎች ቀብድ ከመከፈሉ በፊት ካወቃቸው ነው።

የማውቃቸውም ከቢሮ ይልቅ ከሰፈር ነው። ከአስር ሰላት በኋላ ሽማግሌዎቹ መስጊዱ አጠገብ ካለው ሻይ ቤት ይቀመጣሉ። ሰላምታውን አደርሳለሁ፣ ሻይ አዛለሁ፣ ስለ ዝናቡና ስለ ግመል ዋጋ እንጫወታለን። ቸኩሎ የጠየቀ ምንም አያገኝም። ከዚያ፣ «አዴር፣ ያ አረንጓዴ በር ያለው ግቢ ሊሸጥ ነው አሉ» እላለሁ። «የትኛው ልጅ ነው የሚሸጠው?» ካሉኝ የሥራዬን ግማሽ ያህል ጨረሱልኝ ማለት ነው፤ ወራሾቹ ብዙ ናቸው። ዝም ብለው ሻያቸውን ከጠጡ ደግሞ ነገሩ የከበደ ነውና በማግስቱ ለብቻቸው ልጠይቃቸው እመለሳለሁ።

ወረቀቱ ቀጥሎ ይመጣል። ሻጩ ውጭ አገር ከሆነ ሁሉም ነገር በውክልናው ላይ ይንጠለጠላል። ውክልናው «ቤቴን ያስተዳድርልኝ» ብቻ ካለ ለሽያጭ አይሆንም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ይጠይቃል፣ ስለዚህ የመሸጥ ሥልጣኑ በግልጽ መጻፍ አለበት። ከኤምባሲ ወይም ከቆንስላ የመጣ ከሆነ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጡን አያለሁ። ገዢው የሌላ አገር ዜግነት ወስዶ ከሆነ ደግሞ በ1994 የወጣው አዋጅ 270 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሰጠው ቢጫ ካርድ አለው ወይ? እላለሁ። በሰኔ 2017 የጸደቀው የውጭ ዜጎች የቤት ባለቤትነት ሕግ መነሻው 150 ሺህ ዶላር ስለሆነ ለእኔ ደንበኞች ገና ወሬ ነው።

ባዶ ቦታ ፈላጊም አለ፣ ብዙ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም። ስለዚህ ቦታው ላይ አንዲት ክፍል ትቆማለች፤ አራት የቡሎኬት ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ጣራና መስታወት የሌለው መስኮት። ሰው ያልተኛባት ይህች ክፍል ናት በውሉ ላይ «ቤት» ተብላ የምትሸጠው። እንዲህ ያለ ነገር ሲቀርብልኝ የምጠይቀው የሊዙን ውል ነው፦ ከሊዙ ስንት ተከፍሏል? ስንትስ ቀርቷል? የግንባታው ጊዜ አልፎበታል ወይ? ቀሪውን ዕዳ ሳያውቅ የገዛ ሰው የሻጩን ዕዳ ወርሶ ቁጭ ይላል።

ዋጋው ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ ጠባዩን ለውጧል። የዚያን ቀን ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ሻጩ አፉ በብር ይናገራል፣ ልቡ በዶላር ያሰላል። ስልኩን አንስቶ የዕለቱን ምንዛሪ ካየ በኋላ «ትናንት ያልኩትን እርሳው» ያለኝ ሻጭ ጥቂት አይደለም። ወንድሙ ከውጭ የሚልክለት ገዢ ይህን ይቋቋማል። በደሞዝ የሚኖረው መምህር ወይም ነርስ ግን ገበያውን ከዳር ሆኖ ያያል፣ ወይ ከተማው ወደሚለጠጥበት ዳርቻ ይወጣል።

ባንክ አለ አይደል? ይሉኛል ከአዲስ አበባ የሚመጡት። አለ። ግን እዚህ አብዛኛው ሰው ወለድን በሃይማኖቱ ይሸሻል። መነሻው እዚሁ ጅግጅጋ የሆነው ሸበሌ ባንክ ከወለድ ነፃ ነው የሚሠራው። በሙራባሃ ባንኩ ንብረቱን ገዝቶ ትርፉን በግልጽ ጨምሮ በየጊዜው በሚከፈል ዋጋ መልሶ ይሸጣል። ነገሩ መልካም ነው። ነገር ግን ባንክ የሚፈልገው ክርክር የሌለበት ካርታ ነው፤ ውርሱ ያልተጣራ ቤት ይዞ ባንክ መሄድ ድካም ብቻ ነው።

ወደ ሶማሌላንድ ድንበር፣ ወደ ቶጎ ውጫሌ የሚያማትሩም አሉ። ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ኢትዮጵያና ሶማሌላንድ የባሕር በር የመግባቢያ ሰነድ ሲፈራረሙ በበርበራ መንገድ ላይ ቦታ የሚጠይቅ ስልክ በዛብኝ። በታኅሣሥ 2017 የኢትዮጵያና የሶማሊያ የአንካራ ስምምነት ሲመጣ ስልኩም ቀዘቀዘ። በፖለቲካ ዜና ላይ ቤት መግዛት ለእኔ ቁማር ነው፤ ንግዱን እዚያው የሚሠራ ሰው ግን ይግዛ።

ስለ ሐምሌ 28 ቀን 2010 ሳልናገር ባልፍ ደስ ባለኝ። በዚያ ሰሞን እዚሁ ጅግጅጋ ሰው ተገደለ፣ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ ሱቅና ቤት ተዘረፈ። ቤቱን ሸጦ የወጣ ሰው በዋጋ አይከራከርም። ያኔ በርካሽ ስለተገዛ ቤት የሚያማክረኝ ካለ ዛሬም ውሉ የት እንደተፈረመና ማን ፊት እንደተፈረመ አጥብቄ እጠይቃለሁ።

ቤቱን ራሱን የማየው በመጨረሻ ነው። የጅግጅጋ ሜዳ ብዙው ቦታ ጥቁር አፈር ነው፤ ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ግንቡንም ይዞት ይንቀሳቀሳል። የመስኮቱን ማዕዘን እመለከታለሁ። ከማዕዘኑ ተነስቶ በሰያፍ ወደ ጣራው የሚወጣ ስንጥቅ ካለ መሠረቱ ተንቀሳቅሷል። ቀለሙ አዲስ ሆኖ በአንድ ቦታ ብቻ ከወፈረ ጥፍሬን አስገብቼ እፈትሻለሁ፤ ከሥሩ ጀሶ ከወጣ የተሸፈነ ነገር አለ። በር ገጥሞ ይዘጋል ወይስ ታችኛው ጫፉ ተልጓል? ውሃውስ? ቧንቧው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ከሻጩ ይልቅ የጎረቤቷን ቃል አምናለሁ። ግቢው ውስጥ የውሃ ማጠራቀሚያ ቢርካ ካለ ክዳኑን አስነስቼ ውሃው የት ድረስ እንደቆመ የሚያሳየውን መስመር አያለሁ። የጎርፉ መሄጃ አጠገብ ያለውን ቤት በበጋ ብቻ አይቶ የገዛ ደግሞ ክረምቱን ቆሞ ያድራል።

ከተስማሙ በኋላ የመንደር ውል ይበቃናል የሚሉ አይጠፉም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ ሥልጣን ባለው አካል ፊት መመዝገብ አለበት፤ የሽማግሌ ፊርማ ለሰላም እንጂ ለካርታ አይሆንም። የሻጩ ሚስትና አዋቂ ልጆቹ በፊርማው ቀን እንዲገኙ አደርጋለሁ። ገንዘቡ በባንክ ይተላለፍ፣ ከእሱም የተወሰነው ስም እስኪዛወር ይቆይ። የቴምብሩን 2 በመቶ ማን እንደሚከፍል ከፊርማው በፊት ይጻፍ፤ በቃል የቀረ እንደሆነ ሁለቱም ወደ እኔ ነው የሚያዩት። የመብራትና የውሃ ቆጣሪው የመጨረሻ ደረሰኝም ከቁልፉ ጋር ይቅረብ።