ስለማያጐድለው ኮዴክና ስለሚለወጠው ቀለም፤ በሥዕል ቀረጻ ላይ የቀረበ ሂስ

በምሥራቅ ጎጃም በደብረ ወርቅ ማርያም የተቀረጸ የግድግዳ ሥዕል ቪዲዮ ለጥናት በቀረበልን ጊዜ፣ ቅጂው «ምንም በማያጐድል» ኮዴክ መቀመጡ እንደ በቂ ማስረጃ ተነግሮን ነበር። ሆኖም በስፍራው ያየነው ቀይ ወደ ብርቱካን አዘንብሎ፣ አረንጓዴውም ጨልሞ ታየ። ስሕተቱ የኮዴኩ ሳይሆን የእምነታችን መሆኑን ማስረዳት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

መግለጫው እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ኤፍኤፍቪ1 የተረከበውን ቁጥር ሳያጐድል ይመልሳል፤ የሚመልሰው ግን ቁጥር እንጂ ቀለም አይደለም። ድጓ ምልክቱ ሳይጐድል ቢገለበጥም ምልክቱን በማያውቅ ሰው አፍ ዜማው እንደሚለወጥ፣ ቁጥሩም የሚነበብበት ደንብ ካልተጻፈለት ቀለሙ ይለወጣል።

እንግዲህ መርማሪው ምክንያቱን በሦስት ምልክት ይለየዋል። ግራጫው ሳይነካ ቀዩና አረንጓዴው ከተዛቡ፣ በቢቲ 601 ደንብ የተሰላው በቢቲ 709 መነበቡን ይጠርጥር፤ በብርሃኑ ስሌት የአረንጓዴ ድርሻ በፊተኛው 0.587፣ በኋለኛው 0.7152 ነውና። ጥቁሩ ከገረጣ ወይም ጥላው ከተዋጠ፣ ከ16 እስከ 235 ያለው የብርሃን መጠንና ከ0 እስከ 255 ያለው ተምታተዋል። ቀለሙ ከመስመሩ አልፎ ከፈሰሰ፣ ኮዴኩ ከመረከቡ በፊት ለ4 ነጥቦች 1 የቀለም መረጃ ብቻ ቀርቷል። ቁጥሩ ሳይነካ መለያው ብቻ ከሳተ ይታረማል፤ የሦስተኛው ጉዳት ግን አይመለስም።

ጉዳዩ የመሣሪያ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው የጎንደር አሣሣል ዳራውን ሳያጠላ ሲተወው፣ በ18ኛው መቶ ዓመት የተስፋፋው ሁለተኛው ከቀለም ወደ ቀለም ያሸጋግረዋል። ጥላው በተዋጠበት ቅጂ የሚፈርድ ተማሪ ሥዕሉን ከዘመኑ ያወጣዋል። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም በአብዛኛው ጥቁርና ነጭ ስለ ነበረ ቀለም አልሰጠንም፤ ነገር ግን አላታለለንም። የዛሬው ቅጂ ሐሰተኛውን ቀለም እንደ ምስክር ያቀርባል።

ስለዚህ ቀራጩ ከሥዕሉ አጠገብ የቀለም ናሙና ሰሌዳ ያንሣ፤ ደንቡንና የብርሃኑን መጠን በፋይሉ ውስጥ ይጻፍ፤ የዋናውንና የቅጂውን የፍሬም ድምር ቁጥሮች ሳያመሳክር ዋናውን አይደምስስ። ከምንጩ የደፈረሰ ውኃ በንጹሕ እንስራ ቢቀዳ አይጠራም።