ከምልክቱ በፊት ጉባኤው፦ የንግሥ ማኅሌት በአዲ አርቃይና በሰሜን ደጋ

ትውፊቱ ቅዱስ ያሬድን ከአክሱም አውጥቶ ወደ ሰሜን ተራሮች ያሻግረዋል፤ ጸለምት ገብቶ ሲያስተምር ኖሮ በዚያው እንደተሰወረ ይነገራል፤ መታሰቢያውም ግንቦት 11 ቀን ይከበራል። አዲ አርቃይ ከሊማሊሞ ቁልቁለት ወዲያ ከዚህ የትውፊት ምድር ጋር የተጎራበተች ከተማ ናት። ስለ አካባቢው ዜማ ሲነሣ የሚወሳው ብዙውን ጊዜ ይኸው ትውፊትና በየዕቃ ቤቱ ያለው ብራና ነው። ይህ ዳሰሳ የሚሟገተው ለሌላ ነገር ነው፤ ዜማውን እዚህ ያደረሰው በብራናው ላይ የሰፈረው ምልክት ብቻውን ሳይሆን፣ ምልክቱን የሚያውቁትን ሰዎች በየንግሡ ከየደብሩ ጠርቶ፣ አብልቶና አጠጥቶ ሌሊቱን ሙሉ የሚያቆማቸው ዝግጅት ነው።

ምልክቱ የሚችለውንና የማይችለውን እንለይ። ሊቃውንቱ እንደሚያስተምሩት የድጓውን ምልክት በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559 እ.ኤ.አ.) ያደራጁት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ናቸው። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደትና ቁርጥ የድምፁን አካሄድ ያመለክታሉ። ከቃሉ በላይ የሚጻፉት ጥቃቅን ፊደላት ደግሞ ዘማሪውን ቀድሞ በቃሉ ወደያዘው የዜማ ሐረግ ይመሩታል፤ ያንን ሐረግ ሰምቶ የማያውቅ ሰው ከፊደሉ የሚያገኘው ነገር የለም። በአሜሪካ ደቡብ ከ1844 እ.ኤ.አ. ወዲህ «ሴክረድ ሃርፕ» በተባለው መጽሐፍ የሚዘምሩት ሰዎች ስልት የዚህ ተቃራኒ ነው። እዚያ የኖታው ራስ በሦስት ማዕዘን፣ በክብ፣ በአራት ማዕዘንና በአልማዝ ቅርጽ ስለሚሣል፣ መዝሙሩን ሰምቶ የማያውቅ ሰው እንኳ የድምፁን ደረጃ ከቅርጹ ያነባል። ሆኖም ይህም መጽሐፍ ሁሉን አይዝም። በማይነር ቅኝት የተጻፉትን ሲዘምሩ ነባሮቹ ስድስተኛውን ድምፅ ከተጻፈው ከፍ የማድረግ ልማድ አላቸው፤ አዲሱ ሰው ይህን የሚማረው አጠገቡ ከተቀመጠው ነው። ማንም እንዲያነበው ታስቦ የተሠራ ጽሕፈት ያለ ጉባኤ ካልሞላ፣ ለሚያውቅ ሰው ብቻ የተጻፈውማ እንዴት ይሆናል?

የንግሥ መሰናዶ የሚጀመረው በዓሉ ከመድረሱ አስቀድሞ ነው። መዋጮው ይመደባል፣ እህሉ ይፈጫል፣ ጠላው ይጠነሰሳል፤ ለአጎራባች አድባራት መሪጌቶችም መልእክት ይላካል። በአንድ የገጠር ደብር ያሉት ጥቂት ደብተራዎች ግራና ቀኝ ተሰልፈው፣ አንዱ ወገን ሲመራ ሌላው እየተቀበለ፣ ቁም ዜማውን፣ ዝማሜውን፣ መረግዱንና ጽፋቱን ብቻቸውን እስከ ንጋት ሊዘልቁት ይከብዳቸዋል። እዚህ ላይ የበዓላቱ አቀማመጥ ትልቅ ሥራ ይሠራል፤ ለነገሩ ብዙም ሲጠና አይታይም። የሚካኤል ኅዳር 12፣ የኪዳነ ምሕረት የካቲት 16፣ የመድኃኔ ዓለም መጋቢት 27፣ የጊዮርጊስ ሚያዝያ 23 ነው፤ ንግሡ በዓመቱ ውስጥ ስለተበተነ የዛሬው እንግዳ በሌላው ወር አስተናጋጅ ይሆናል። እንግዳውን የነፈገ ደብር በተራው ሰልፉ ይሳሳበታል። ድግሱን እንደ ብክነት የሚቆጥሩ ተቺዎች የሚስቱት ይህን ነው፤ ድግሱ የማኅሌቱ ወጪ እንጂ ከማኅሌቱ በኋላ የመጣ ትርፍ አይደለም። በዚያ ላይ ቅኔ አለ። ጉባኤ ቃናውም ሆነ መወድሱ ለዕለቱ የሚቆጠር እንጂ ከብራና የሚነበብ አይደለም፤ ባለቅኔው አዲስ የቆጠረውን ቃል በያሬድ ዜማ ሲያወርደው ስሕተቱን ሰምቶ የሚያርም ሊቅ በአጠገቡ ሊኖር ይገባል።

አንድ ጠንካራ ተቃውሞ እዚህ ላይ ይነሣል፦ ዜማ የሚማሩት በጉባኤ ቤት እንጂ በበዓል አይደለም። እውነት ነው፤ ድጓው በቤተልሔም፣ አቋቋሙ በጎንደር በአታ፣ ዝማሬ መዋሥዕቱ በዙር አምባ ይመሰከራል። ነገር ግን ምስክርነቱን ይዞ የወጣው መሪጌታ ዕድሜውን የሚኖረው በጉባኤ ቤት ሳይሆን ባገለገለበት ደብር ነው። የላይ ቤቱና የታች ቤቱ አቋቋም ተገናኝቶ የሚስማማው፣ ዚቁና ወረቡ ለታቦቱ የሚመረጠው፣ ወጣቱ በአዛውንት ፊት እንዲመራ የሚታዘዘው በንግሡ ሌሊት ነው። ጉባኤ ቤት ያስተምራል፤ የተማረው እንዳይረሳ የሚያደርገው ግን ንግሡ ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ ንጽጽሩን ራሱን ይመለከታል። በሴክረድ ሃርፕ ጉባኤ ታዳሚ የሚባል ነገር የለም፤ አራት ወገን ተጋጥሞ የተቀመጠው ሁሉ ይዘምራል፣ ሴት ወንድ ሳይባል በተራ መሐል ገብቶ ይመራል። የእኛ ማኅሌት የሠለጠነ ደብተራ ሥራ ነው፤ ሴቶቹ እልል ይላሉ፣ ጠላውን ይጠምቃሉ፣ ቅኔ ማኅሌት ቆመው አይመሩም። ልዩነቱ ከባድ ነው፣ መሸፋፈንም አይገባም። የክርክሩን ሥር ግን አይነቅለውም፤ በሁለቱም ዘንድ ዘማሪው የሚታረመው በዘማሪ ጆሮ ነውና።

ቀረጻስ? የሙዚቃ ተመራማሪዎቹ ኬይ ካፍማን ሸለመይና ፒተር ጄፍሪ ከ1993 እስከ 1997 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራ የጽሑፉን ምልክትና የሊቃውንቱን ድምፅ ጎን ለጎን ማቅረባቸው፣ ብራናው ለብቻው እንደማይበቃ ጥሩ ማስረጃ ነው። ይሁን እንጂ ቀረጻ አንድን ሌሊት ይይዛል፤ የሳተውን አይገሥጽም፣ የሚመራውንም አይሾምም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት አዲ አርቃይን ባመሰበት ጊዜ ሰው ከቀዬው ተፈናቅሏል። ብራና እንዲህ ባለ ቀን ሊሸሸግ፣ ቅጂውም ሌላ አገር ሊቀመጥ ይችላል፤ ከአምስት ደብር ተጠርቶ የሚቆመው ሰልፍ ግን መንገድ ሲዘጋና እህል ሲጠፋ የሚተካው የለም።

እንግዲህ የዜማ ቅርስን ለመጠበቅ በጀት የሚይዙ ሁሉ፣ የባህል መሥሪያ ቤቶችም ሆኑ ከአካባቢው ወጥተው በውጭ የሚኖሩ ማኅበራት፣ ገንዘቡን በሙሉ ለብራና ፎቶግራፍና ለካሜራ አያውሉት። ከፊሉ ለንግሥ እንግዶች ስንቅ፣ ለመሪጌቶች መጓጓዣና ለቆሎ ተማሪው ልብስ ይዋል።