«ብርድ» ወይስ «ቅዝቃዜ»? በአንድ የሕፃናት ሕመም ስያሜ ላይ የቀረበ ሂስ

የሕክምና ቃል ሲተረጐም ፍቹ ብቻ ሳይሆን በምርመራና በምክር ጊዜ የሚሰጠው አገልግሎትም ሊመዘን ይገባል። ለዚህ አብነት የሚሆነን ቀዝቃዛ ነገር የሕፃናትን ቆዳ ሲነካ የሚነሣው አሳካኪ ሽፍታ ነው።

ሕመሙን «የብርድ በሽታ» ማለት ለጆሮ ይቀላል። ይሁን እንጂ 2800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው በደብረ ብርሃንም ሆነ በአንኮበር «ልጁን ብርድ መታው» ሲባል ሳሉም፣ ቁርጠቱም፣ የመገጣጠሚያ ሕመሙም ይታሰባል። ሁሉን የሚይዝ ስም አንዱን ለይቶ አያሳይም። «የጉንፋን ሽፍታ» የሚለው ደግሞ ግልጽ ስሕተት ነው፤ እንግሊዝኛው ቅዝቃዜንና ጉንፋንን በአንድ ቃል ስለሚጠራ የሚመጣ ነው።

በእኛ አስተያየት «የቅዝቃዜ ሽፍታ» ይመረጣል። ብርድ በይበልጥ የአየር ነው፤ ቅዝቃዜ ግን የውሃም፣ የድንጋይም፣ የብረትም ነው። የምርመራው ስልትም ይህንኑ ይደግፋል። ሐኪሙ በቀጭን ፕላስቲክ የተጠቀለለ በረዶ በልጁ ክንድ ላይ 5 ደቂቃ ያህል ያኖራል፤ ካነሣው በኋላ ቆዳው ሲሞቅ በ10 ደቂቃ ውስጥ እብጠት መውጣቱን ይመለከታል።

ይህን እብጠት «እባጭ» ብሎ መተርጐም አይገባም። እባጭ መግል ይቋጥራል፤ ይህኛው ግን አብዛኛውን ጊዜ በ1 ሰዓት ገደማ ውስጥ ምልክት ሳይተው ይጠፋል። ከዚህ ይልቅ ደገኛው የሚያውቀው ሳማ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። የላቲኑ «ኡርቲካ» ሳማ ማለት ሲሆን፣ የሕመሙ ዓለም አቀፍ ስም «ኡርቲካርያ» የወጣውም ከዚሁ ነው። ስለሆነም «ሳማ እንደ ለበለበው ያብጣል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ለወላጅ ግልጽ ነው። ሆኖም «የሳማ ሽፍታ» የሚል ስያሜ ይቁም አንልም፤ የሕመሙ መንሥኤ ሳማ ያስመስላልና።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ይህ ሕመም ያለበት ልጅ መላ አካሉን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ቢነክር የደም ግፊቱ ሊወርድ፣ ትንፋሹ ሊያጥር፣ ሕይወቱም ለአደጋ ሊጋለጥ ይችላል። «ከብርድ ጠብቂው» የተባለች እናት ጋቢ ትደርብለታለች፤ ወንዝ ወርዶ እንዳይዋኝ ግን ላትከለክለው ትችላለች። «ቀዝቃዛ ውሃ እንዳይገባ» ብትባል ግን ልጇን ከምን እንደምትጠብቀው ታውቃለች። ተርጓሚው ቃሉን ሲመርጥ ይህን ልዩነት ሊያስብ ይገባዋል እንላለን።