ውሻው፣ ዋልያውና መብራቱ

ከጅማ፣ ከአጋሮና ከሊሙ ለጉዳይ ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱ ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ብሔራዊ ሙዚየም ጎራ ይላሉ። መልካም ነው። ብዙዎቹ ግን ሉሲን አይተው ሲወጡ አንድ ጥንታዊ የነሐስ መብራት ሳያስተውሉ ያልፋሉ።

መብራቱ የተገኘው ዛሬ በኤርትራ ክልል ባለችው፣ በሰንዓፈ አቅራቢያ በምትገኘው ጥንታዊት ከተማ በመጠራ ነው። ቦታውን በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የቆፈሩት ፈረንሳዊው ፍራንሲስ አንፍሬ ነበሩ። ከዘይት መያዣው በላይ፣ አንገቱ ላይ ማሰሪያ ያለው አዳኝ ውሻ ሸሽቶ ሊያመልጥ የሚታገል ዋልያ ሲይዝ ይታያል። ማሰሪያው ብዙ ይናገራል፤ ውሻው ባለቤት ያለው፣ የሰለጠነ ነው። ሱረቱል ማኢዳ ሰው ያሰለጠነው አዳኝ እንስሳ የያዘለትን መብላት እንደሚፈቀድ ይነግረናልና ይህ አደን ለእኛም እንግዳ አይደለም።

በቻይና የሻንግ ነገሥታት ዘመን፣ ከ3000 ዓመታት በፊት፣ ለሙታን አያቶች ምግብና መጠጥ የሚቀርብባቸው የነሐስ ዕቃዎች ይሠሩ ነበር። በእነርሱ ላይ ሁለት ዓይኖቹን አፍጥጦ የሚያይ ባለ ቀንድ የአውሬ ፊት አለ። ያ ፊት ሰውን ያስፈራል። የመጠራው ባለሙያ ግን እንስሳቱን ሲሮጡ አይቷቸዋል፤ ስለዚህም ሥራው ሕይወት አለው።

ይሁን እንጂ እንከንም አለበት። የመብራት ጉዳዩ ብርሃን ነው፤ እዚህ ግን ዓይን የሚሄደው ወደ አደኑ ነው። ጌጡ ከአገልግሎቱ በላይ ተቀምጧል። ደግሞም በየሐም ሆነ በደቡብ ዐረብ ቤተ መቅደሶች ዋልያ ከጣዖታት ጋር የተያያዘ ምስል እንደነበር አንርሳ።

ታዲያ ልጆቻችን ሲጠይቁን ምን እንበላቸው? እመት ዓኢሻ (ረ.ዐ) ምስል ያለበትን መጋረጃ በሰቀሉ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አልወደዱትም፤ ጨርቁ ተቀዶ ትራስ ተደረገ እንጂ አልተጣለም። ከፍ ብሎ የተሰቀለውና ከሥር የተነጠፈው አንድ አይደሉም። በሙዚየም መስታወት ውስጥ ያለው ዕቃም የሚሰገድለት ሳይሆን የሚመረመር ነው። ዑለማዎች በዝርዝሩ ቢለያዩም፣ ያለፉትን ሕዝቦች ፍጻሜ ማስተዋል የታዘዝንበት ነው።

የነሐስ ጥበብ ያለ አውሬ ምስልም ያምራል። በዚያው በቻይና፣ በዠንግዴ ንጉሥ ዘመን (1506–1521 እ.ኤ.አ.)፣ በዐረብኛ ጽሑፍ ያጌጡ የነሐስ ዕጣን ማጨሻዎች ተሠርተዋል። የእኛም የጅማ እንጨት ጠራቢ ከአንድ ግንድ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ሲያወጣ ውበቱ ያለው በቅርጹ ላይ ነው፤ ሰውም ይቀመጥበታል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁን ከመብራቱ ፊት አቁሟቸው። እጁን አድንቁላቸው፤ እምነቱን ለዩላቸው። ሁለቱን መለየት የቻለ ልጅ በሌላ ቦታም አይደናገርም። ወላሁ አዕለም።