ከረባት ወይስ ቀበቶ? ልብስና ሰብእና በእንግሊዝ የሕፃናት መዝሙሮች ሥዕል

የእንግሊዝ የሕፃናት መዝሙሮች ገጸ ባሕርያት ስምና አንድ ድርጊት እንጂ ሰብእና የላቸውም። ሐምፕቲ ደምፕቲ ግንብ ላይ ተቀመጠ፣ ወደቀ። ጃክና ጂል ውሃ ሊቀዱ ወጡ፣ ወደቁ። ኩሩ ይሁኑ ወይም ዓይን አፋር ግጥሙ አይነግረንም፤ ይህን ክፍተት የሚሞላው ሠዓሊው ሲሆን ለእጁ የሚቀርበው መሣሪያም ልብስ ነው። ይሁን እንጂ ያጌጠ ልብስ ሁሉ ሰብእናን ይገልጻል ማለት አይደለም። ይህንንም በኬት ግሪናዌይና በጆን ቴኒየል ሥዕሎች ለማሳየት እሞክራለሁ።

ግሪናዌይ የ«መዘር ጉስ» መድበሏን ያወጣችው በ1881 እ.ኤ.አ. ነው። እናቷ ለንደን ውስጥ የልጆች ልብስ ሱቅ ነበራቸው፤ እሷም ለሥዕል የሚቀመጡላትን ልጆች ራሷ የሰፋችውን ታለብሳቸው ነበር። ልብሱ የራሷ ዘመን ልብስ አይደለም። ወገቡ ከፍ ያለው ቀሚስ፣ መቀነቱ፣ ሰፊው ቆብ ከእሷ በፊት የነበረ ትውልድ ነው። ውበቱ አይካድም። ነገር ግን ሸረሪት የምታስደነግጣትን የሚስ መፌትን ቀሚስ ለዘላይዋ ለጆን ብናለብሳት ከሁለቱም የሚጎድል ነገር የለም። ሊበርቲ የተባለው የለንደን መደብር በሥዕሎቿ አምሳያ የልጆች ልብስ ሠርቶ መሸጡም ይህንኑ ያጠናክራል፤ ከባለቤቱ ተነጥሎ ለማንኛዋም ልጅ የሚሆን ልብስ ስለ ባለቤቱ የሚናገረው ጥቂት ነውና። የግሪናዌይ ልብስ የሚገልጸው አንድን ሰው ሳይሆን አንድን የተናፈቀ ዘመን ነው። አድናቂዋ ጆን ራስኪን እንኳ ከልብሱ ሥር ያለውን አካል እንድታጠና ይመክራት ነበር።

በቴኒየል ዘንድ ነገሩ ሌላ ነው። በ1871 እ.ኤ.አ. ለወጣው የሉዊስ ካሮል «በመስታወቱ ውስጥ» በሣለው ሥዕል ሐምፕቲ ደምፕቲ ኮሌታና ከረባት አለው። አካሉ እንቁላል ስለሆነ አንገቱ የትኛው፣ ወገቡ የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። አሊስም ከረባቱን ቀበቶ ብላ ታስቀይመዋለች። ልብሱ ከአካሉ ጋር አለመግባባቱ ነው ሰውየውን የፈጠረው። አንገት ሳይኖረው ከረባት ያሰረ፣ ሊወድቅ ተቃርቦ ስለ ማዕረጉ የሚቆጣ ጌታ! ቴኒየል «ፓንች» በተባለው መጽሔት ፖለቲከኞችን በሥዕል ሲያሽሟጥጥ የኖረ ሰው በመሆኑ ይህን ዓይነቱን ጌታ በሚገባ ያውቀዋል።

እዚህ ላይ «ከረባቱ የካሮል እንጂ የቴኒየል አይደለም» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። እውነት ነው፤ ከረባቱ በድርሰቱ ውስጥ አለ። ሆኖም ቃል ሊያወላውል ሲችል ሥዕል መወሰን አለበት። ካሮል በአሊስ ስሕተት ያቆየውን ጥርጣሬ ቴኒየል በኮሌታው ዘግቶታል።

ያስከፈለው ዋጋም አለ። በ1797 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው መዝሙር እንቁላል የሚል ቃል የለውም፤ ሊቃውንቱ ቀድሞ እንቆቅልሽ እንደነበረ ይገምታሉ። «ምን አውቅልህ» ብሎ ላደገ አንባቢ ነገሩ ግልጽ ነው፤ መልሱ አስቀድሞ ከተነገረ ጨዋታው ይፈርሳል፣ አገር ስጠኝ የሚባልበትም ምክንያት አይኖርም። ሐምፕቲ ደምፕቲ ከረባት አስሮ ሰው ሲሆን እንቆቅልሽነቱን አጥቷል። ዛሬ ግጥሙን ያለ ሥዕሉ የሚያነብ ሰው እንኳ ከግንቡ ላይ የሚያየው ያንኑ ኮሌታ ለባሽ ነው።