ስለ «የአንጀት ትል» ትርጉም

የጤና ትምህርት ጽሑፎችን ከእንግሊዝኛ የሚመልሱ ተርጓሚዎች፣ በአንጀት ውስጥ ለሚኖሩ ጥገኞች ሁሉ «የአንጀት ትል» የሚል አንድ ስም ሲሰጡ እናያለን። ስሙ ለጆሮ አይከብድም፤ በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸናና በሞጣ፣ ከብቱን ከቤቱ ሥር ለሚያሳድረው ገበሬ ግን ጉዳት አለው። ወስፋት ትል ነው፤ ኮሶም ትል ነው። ጃርዲያና ክሪፕቶስፖሪዲየም ግን ባለ አንድ ሕዋስ ናቸውና ያለ ማጉያ መነጽር አይታዩም። ያስቀመጠው ጥጃ ያደረበትን በረት የሚጠርግ ሰው፣ እበት ዝቃ ኩበት የምትጠፈጥፍ ሴት፣ ሊጠነቀቁ የሚገባቸው ከእነዚህ፣ ይልቁንም ከሁለተኛው ነው። «ትል» ስንላቸው ዓይናቸው ትል ይፈልጋል፤ ትል ካላዩም እጃቸውን ሳይታጠቡ ለእንጀራ ይቀርባሉ።

ለጠቅላላው ስም «ጥገኛ ተውሳክ» ይሻላል እንላለን። ተውሳክ ከግእዙ ወሰከ፣ ማለት ጨመረ፣ የወጣ ነው። በባሕረ ሐሳብ ለዕለታት የተመደበው የሚደመር ቁጥር ተውሳክ ይባላል፤ ሰዋስውም ተውሳከ ግሥ ይላል። ሳይጠራ በሰው ላይ የተጨመረውን ፍጡር እንዲሁ መጥራት ከሥሩ አያስወጣም። ቃሉ ለብቻው ባክቴሪያንም ስለሚያጠቃልል «ጥገኛ» ሊቀድመው ግድ ነው። ከዲማ የቅኔ ጉባኤ የወጣ ሰው ዘሩን ወዲያው ያገኘዋል፤ ለእረኛው ግን «በዓይን የሚታየውም የማይታየውም» ተብሎ በመጀመሪያው ገጽ ይፈታለት።

ኮሶን በባዕድ ስም መተካትን ከቶ አንደግፍም። ቃሉ ትሉን፣ ዛፉንና ከአበባው የሚዘጋጀውን መድኃኒት በአንድነት ይጠራል፤ ሆኖም «ኮሶ አለበት»ና «ኮሶ ጠጣ» ማንንም አያምታቱም።

ከሁሉ ይልቅ የምንነቅፈው «ከእንስሳት ጋር ንክኪ ያላቸው» የሚለውን ሐረግ ነው። ኮሶ ከብት በመዳሰስ አይያዝም። ኮሶ ያለበት ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ እንቁላሉን ከብቱ ከሣር ጋር ይበላዋል፤ እጩም በጡንቻው ውስጥ ከረጢት ሠርቶ ይቀመጣል፤ ሰውም ሥጋውን ጥሬውን ሲበላ ይያዛል። እንግዲህ አስቀድሞ ለላሚቱ የሰጣት ሰው ነው። መንጠቆ ትል የሚባለውም የሰው ዓይነ ምድር ከነካው አፈር በባዶ እግር ቆዳ በኩል ይገባል እንጂ ከላም አይመጣም። «ንክኪ» እነዚህን መንገዶች ሁሉ ደፍኖ እንስሳውን ብቻ ተከሳሽ ያደርጋል። በምትኩ የሥራው ስም ይጻፍ፤ ማለብ፣ በረት መጥረግ፣ እበት መዛቅ፣ ማረድ። ማረድም ጥሬ ሥጋ ከመቅመስ ተለይቶ ይቀመጥ፤ ኮሶ የሚያመጣው ሁለተኛው ነውና።