የድራም ድምፅ በናሙና ሲተካ፤ ሲምባሉስ?

ድራም ሲቀረጽ የተጫዋቹን ድምፅ አውጥቶ ቀድሞ በተዘጋጀ ናሙና መተካት የተለመደ ሥራ ሆኗል። ደጋፊዎቹ ለከበሮው የበጀ ለሲምባሉም ይበጃል ይላሉ። እኛ ይህን አሳብ አንቀበለውም፤ ምክንያታችንንም የምናገኘው ከመኪናዎቹ ከራሳቸው ታሪክ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። በከበሮው ላይ የምትገጠም ትሪገር የምትባል ትንሽ መሣሪያ ምቱን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ትለውጣለች፤ ምልክቱም ናሙናውን ያስነሣል። የምቱ ኃይል በሚዲ ሥርዓት ከ1 እስከ 127 በሚደርስ ቁጥር ይመዘናል። ለባስ ድራም፣ ድምፁ አጭር ስለሆነ፣ ይህ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ሲምባል ግን (በቤተ ክርስቲያን የምናውቀውን ጸናጽል ሳይሆን በዘንግ የሚመታውን ሰፊ የነሐስ ሳህን ማለታችን ነው) ጠባዩ ሌላ ነው። ጠርዙ፣ ገላውና መካከል ላይ ያለው ጉብታ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ድምፅ አላቸው። ድምፁም ቶሎ ስለማይጠፋ ሁለተኛው ምት የሚያርፈው ገና በሚንቀጠቀጥ ብረት ላይ ነው። ተራ ናሙና ይህን አያውቅም፤ በተመታ ቁጥር እንደ አዲስ ይጀምራል።

ሮጀር ሊን እ.ኤ.አ. በ1980 ኤል ኤም-1 የተባለውን፣ የእውነተኛ ድራም ናሙና የያዘ መኪና ሲያወጣ ሃይ ሃት እንጂ ትልልቆቹ ሲምባሎች አልነበሩበትም፤ ረጅሙን ድምፅ የሚይዝ ሜሞሪ እጅግ ውድ ነበርና። በ1983 የወጣው የሮላንድ ቲ አር-909 ደግሞ ባስ ድራሙንና ስኔሩን በኤሌክትሪክ ሲፈጥር፣ ለሃይ ሃቱና ለሲምባሎቹ ከእውነተኛ ሲምባል የተቀረጸ ናሙና ተጠቀመ። ሠሪዎቹ ራሳቸው ሲምባሉን ለይተው አይተውታል ማለት ነው። እርግጥ ዛሬ ሜሞሪ ርካሽ ነው፤ አንድ ሲምባልም በብዙ ናሙና ይቀረጻል። የብረቱ ጠባይ ግን አልተለወጠም።

ስለዚህ ብዙዎች መካከለኛውን መንገድ ይዘው ከበሮውን ይተካሉ፣ ሲምባሉን እውነተኛ ያደርጋሉ። ይህም ችግር አለው። ለሲምባሉ ከላይ የተሰቀሉት ማይክሮፎኖች ስኔሩንም ይሰማሉ፤ የተተካው ስኔር ከዚያ ጋር በጥቂት ሚሊሴኮንድ ቢዛነፍ ድምፁ ይሳሳል። ድምፅ በሌለው የኤሌክትሪክ ከበሮ ቢጫወቱ ይህ ይቀራል፤ ነገር ግን ሲምባሉ በአንድ ክፍል፣ ከበሮው በሌላ ክፍል ያለ ይመስላል። በ1971 በወጣው የሌድ ዜፕሊን «ዌን ዘ ሌቪ ብሬክስ» የጆን ቦናም ድራም በእንግሊዝ አገር በሄድሊ ግሬንጅ ቤት ደረጃ ሥር ተቀምጦ፣ ማይክሮፎኖቹ ከላይ ተሰቅለው ነበር የተቀረጸው። እዚያ ከበሮውንና ሲምባሉን አንድ ያደረጋቸው የቤቱ አየር ነው።

እኛም በአንድ ጓደኛችን ጨዋታ ላይ ሞክረነዋል። ትሪገሩ ያለ ምት እንዳይነሣ መጠኑን ከፍ ስናደርገው በስኔሩ ላይ የሚጫወታቸውን ቀስ ያሉ ትንንሽ ምቶች ሁሉ ዋጣቸው። ሲምባሉ የእርሱ እንደ ሆነ ቀረ፤ በመካከሉ የሚመታው ግን ሌላ ሰው ይመስል ነበር። ጓደኛችን ሰምቶ ሲጨርስ የራሱ ስኔር እንዲመለስለት ጠየቀ፤ ባስ ድራሙን ግን እንደ ተተካ ተወው።